የሕጻናት ነርሲንግ ማስተርስ ነርስ ፕራክቲሽነር ያደርጋል?

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የምንሠራ ነርሶች ግሩፕ ላይ ይቺ ጥያቄ መመላለስ አልተወችም። «የሕጻናት ነርሲንግ ማስተርስ አለኝ፤ አሜሪካ ስሄድ ነርስ ፕራክቲሽነር ነኝ አይደል?» አይደለሽም።

ማስተርስ የትምህርት ደረጃ ነው። ነርስ ፕራክቲሽነር ግን የተለየ የሥራ ፈቃድ ነው፦ ልጁን መርምራ፣ በሽታውን ለይታ፣ መድኃኒት የምታዝ ነርስ። ሥልጠናውን እንደ ፈረንጆቹ በ1965 ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት አንዲት ነርስና አንድ የሕጻናት ሐኪም ናቸው።

አንዲት ልጅ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማስተርሷን ያዘች እንበል። አሜሪካ ስትደርስ መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ነርስ ኤንክሌክስን (የነርስነት ፈቃድ ፈተናውን) አልፋ ፈቃድ ታወጣለች። ቀጥሎ ለነርስ ፕራክቲሽነር ተብሎ እውቅና ያገኘ የድኅረ ምረቃ ትምህርት፣ ከነክሊኒካል ልምምዱ። ከዚያ አገር አቀፍ የሰርተፊኬት ፈተና። የሕጻናቱ ፈተናም ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ለመደበኛ ክትትል፣ ሌላው በጠና ለታመሙ ልጆች። (ደላላ «በማስተርስሽ ቀጥታ ትገቢያለሽ» ካለሽ ብርሽን ጠበቅ አድርገሽ ያዢ።)

እስካሁን ያልኩት እርግጥ ነው። የሚለያየው የግዛቶቹ ሕግ ነው። አንዳንዱ ጋ ራሷን ችላ ትሠራለች፤ ሌላው ጋ ከሐኪም ጋር ስምምነት መፈረም አለባት። ከዚህ የወሰደችው ኮርስ ስንቱ እንደሚያዝላትም የሚወስነው የሚቀበላት ትምህርት ቤት ነው።