የባሕር ዳር ሰው ከየት ከየት መጣ?

ስለ ባሕር ዳር ሲወራ ጣና፣ ዘንባባው እና ጢስ አባይ ቶሎ ይነሳሉ። ስለ ነዋሪዋ ግን አንድ ቦታ ተሰብስቦ የተጻፈ ነገር ማግኘት ይቸግራል። ያለው የሕዝብ ቆጠራ ውጤት፣ የድሮ ተጓዦች ማስታወሻ እና አንዳንድ ጥናት ነው፤ ይህም ጽሑፍ የተሰባሰበው ከዚያው ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ከተማዋ ያደገችው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው። የድሮ ስሟም ባሕር ጊዮርጊስ እንደነበር ይነገራል። ጣሊያን ከመምጣቱ በፊት ትንሽ የሐይቅ ዳር መንደር ነበረች። ካህናትና የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች፣ ገበሬዎች፣ ሙስሊም ነጋዴዎችና ሸማኔዎች፣ ከሐይቁ ጥግ ደግሞ ነገደ ወይጦ ይኖሩባት ነበር።

ነገደ ወይጦ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም የባሕር ዳር ታሪክ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚዘለሉት እነሱ ናቸው። ከጣና ዳር ነዋሪዎች ሁሉ ቀደምቶቹ እነሱ ናቸው የሚሉ ብዙ ናቸው። በ1760ዎቹ በዚህ ያለፈው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ፣ ወይጦዎች ከሀገሩ ቋንቋዎች ሁሉ የተለየ የራሳቸው ቋንቋ እንዳላቸው ጽፏል። ከመቶ ምናምን ዓመት በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ግን አማርኛ ብቻ ሲናገሩ አገኟቸው። ቋንቋው ከአገው ጋር ይዛመድ ይሆናል የሚሉ አሉ፣ የለም ሌላ ነው የሚሉም አሉ፤ የተረፈው ቃል ጥቂት ስለሆነ ክርክሩ አልተቋጨም።

ኑሯቸው ከውሃው ጋር የተያያዘ ነበር። ጉማሬ ያድኑ ነበር፣ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ከሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል ታንኳ፣ ምንጣፍና ቅርጫት ይሠራሉ። ታንኳ አሠራሩን ቀረብ ብሎ ላየው ሰው ቀላል ሥራ አይደለም። የደረቀው ደንገል በነዶ በነዶ ይጠፈራል፣ ነዶዎቹ ጎን ለጎን ጠብቀው ይታሰራሉ፣ ፊቱ ወደ ላይ ቀና ይላል። ደንገሉ ውሃ ስለሚጠጣ ታንኳው ከጉዞ ሲመለስ ከውሃ ወጥቶ ፀሐይ ላይ መድረቅ አለበት፤ እንደዚያም ሆኖ ዕድሜው አጭር ስለሆነ አዲስ መሥራት የማያልቅ ሥራ ነው። ከዘጌ ማገዶ፣ ከሌላውም የሐይቅ ዳር እህል እየጫነ ባሕር ዳርን ለረጅም ጊዜ የቀለበው ይኸው ታንኳ ነው። ይህ ሁሉ ሆኖ፣ ወይጦዎች እስላም ነን ቢሉም ጉማሬ ትበላላችሁ ተብለው በሙስሊሙም በክርስቲያኑም ተገልለው ኖሩ። አብሯቸው የሚበላ፣ ከእነሱ የሚጋባ አልነበረም። ይህ በደል እንጂ ባህል ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ከተማዋ ስትሰፋ ደግሞ የሐይቁ ዳርቻ ለሆቴልና ለመዝናኛ ተፈለገ፣ ደንገሉም እየተመነጠረ ሄደ፣ እነሱም ከውሃው እየራቁ መጡ። በ1987ቱ ቆጠራ ወይጦ ተብለው የተመዘገቡት 2,000 እንኳ አይሞሉም። ራሳቸው ወይጦዎቹ ግን ከዚህ በላይ ነን ይላሉ፤ መገለሉን የሚያውቅ ሰው ለቆጣሪ ስሙን ባይናገር የሚያስገርም አይደለም።

ጣሊያን በ1928 ገብቶ እስከ 1933 ቆየ። መንገድ፣ የአውሮፕላን ማረፊያ እና የጀልባ ወደብ ሠራ፤ መንደሯም የከተማ መልክ ያዘች።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1950ዎቹ ነው። በ1953 የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሥራ ጀመረ፤ የተሠራውም ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ ነው። በ1955 ፖሊ ቴክኒክ በሶቪየት ኅብረት ትብብር ተከፈተ። በ1956 የጢስ አባይ የመብራት ኃይል ጣቢያ ደረሰ። የጀርመን ባለሙያዎች ማስተር ፕላን አወጡላት፤ ዛሬ የምንኮራባቸው ሰፋፊ መንገዶች የዚያ ዘመን ውጤት ናቸው። ጃንሆይ በበዛዊት ኮረብታ ቤተ መንግሥት አሠሩ፣ ዋና ከተማውንም ወደዚህ ሊያዛውሩ አስበው ነበር ይባላል። ሥራ አለ ሲባል የጎጃምና የጎንደር ገጠር ወጣት ጎረፈ። ሴቶችም በብዛት ፋብሪካ ገቡ፣ የወር ደመወዝ የሚባል ነገር በእጃቸው ገባ። ፖሊ ግቢ የሩሲያ መምህራን ከአራቱም ማዕዘን የመጣውን ተማሪ ያስተምሩ ነበር። በ1960ዎቹ አጋማሽ ፔዳጎጂ አካዳሚ ተጨመረ። ከፔዳ የወጣ መምህር ያልደረሰበት የሀገሪቱ ጥግ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ፖሊና ፔዳ በ1992 ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኑ፤ ሰው ግን ዛሬም ግቢዎቹን በድሮ ስማቸው ነው የሚጠራቸው። የሀገሪቱ ተማሪ በምደባ ስለሚመጣ ኦሮምኛ፣ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ በግቢና በግቢ አካባቢ ይሰማል፤ ቆጠራ ላይ የሚታይ ነዋሪ ሆኖ የሚቀረው ግን ጥቂቱ ነው።

በደርግ ዘመን ከተማዋ ማደጓን ቀጠለች፤ በ1976ቱ ቆጠራ 54,800 ሰው ተመዘገበባት።

ከደርግ በኋላ የአማራ ክልል ዋና ከተማ ሆነች። ቢሮ፣ ፍርድ ቤት፣ ባንክ ሲከፈት ሠራተኛው ከወሎ፣ ከጎንደር፣ ከሸዋ መጣ፤ ከአዊ በኩል ደግሞ አገውኛ ተናጋሪው። በ1987 ነዋሪው 96,140 ደረሰ፣ በ1999 ከተማው ብቻ 155,428፣ ከዙሪያው ጋር 221,991 ሆነ። አማራ ነኝ ያለው በ1987ቱ ቆጠራ 93 በመቶ ገደማ፣ በ1999ኙ 96 በመቶ ገደማ ነው። ትግራዋይ 4 በመቶ አካባቢ ከነበረበት ወደ 1 በመቶ ወረደ። ኦሮሞም 1 በመቶ አካባቢ ነው። ይህን ቁጥር ይዞ ከተማዋ አንድ ዓይነት ሆነች የሚል አለ፣ ሁለቱ ቆጠራዎች የያዙት ወሰን አንድ ስላልሆነ በጥንቃቄ ይታይ የሚልም አለ። ሁለተኛው ያሳምነኛል። ደግሞስ አማራ በሚለው አንድ መስመር ስር የጎጃሙ፣ የጎንደሩ፣ የወሎው ሰው አብሮ ተጠቅልሏል። ሰፈር ውስጥ ግን አነጋገሩም፣ የበዓል አከባበሩም፣ የሠርግ ዘፈኑም ይለያያል፤ ባሕር ዳሬዎች አንድ ዓረፍተ ነገር ሰምተው ሰውየው ከየት እንደመጣ ይነግሩሃል። በሃይማኖት በ1999 ከ10 ሰው 9 ያህሉ ኦርቶዶክስ ነው፣ ሙስሊሙ 8 በመቶ አካባቢ፣ ፕሮቴስታንቱ ከ2 በመቶ በታች።

ከ1999 ወዲህ ቆጠራ አልተደረገም። አራተኛው ቆጠራ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። በዚህ መካከል ከወለጋና ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ የተፈናቀለ ሰው መጥቷል፣ ከ2013 በኋላ ባሉት ጦርነቶችም ገጠሩን ለቆ ከተማ የገባ ብዙ ነው፤ ተከራይቶ፣ ዘመድ ጋ ተጠግቶ የሚኖር። አባይ ማዶ እና የከተማዋ ዳር ዳሩ በዚህ በዚህ ተሞልቷል። ዘንዘልማና ሰባታሚት አካባቢ የነበረው ገበሬም መሬቱ በከተማ ክልል ሲገባበት ካሳ ተቀብሎ፣ አንዳንዱ ጥበቃ፣ አንዳንዱ ቀን ሠራተኛ፣ ልጁ ደግሞ የባጃጅ ሹፌር ሆኗል። ዘጌ፣ መሸንቲ እና ጢስ አባይም በከተማ አስተዳደሩ ስር ስላሉ፣ የሚቀጥለው ቆጠራ ሲመጣ የቡና ገበሬውም የመስኖ አትክልት አምራቹም የባሕር ዳር ሰው ተብለው ይቆጠራሉ።