የሽንት ጨርቅ አጠባብና አያያዝ በጅማ

ሽንት ጨርቅ እየታጠበ ተመልሶ ልጅ ላይ የሚታሰር ጨርቅ ነው፣ ዳይፐር በየሱቁ ሳይሞላ በፊት ሁላችንም ያደግነው በሱ ነው። አሁንም ቀን ቀን ጨርቅ፣ ማታና መንገድ ሲኬድ ዳይፐር የሚያደርጉ እናቶች አሉ፣ እኔም ልጄን እንደዛ ነው ያሳደግኳት። ካረጀ ነጠላ ወይ ካለቀ አንሶላ ይቀደዳል፣ ባለ ቁልፍና ውሃ የማያሳልፍ ልባስ ያለው ዘመናዊም አለ። ለጅማ ግን እንደ ነጠላ የሚሆን የለም፣ ሲታጠፍ ወፍራም ነው ሲዘረጋ ስስ፣ ስለዚህ ቶሎ ይደርቃል። እዚህ ከተማ ደግሞ ችግሩ ማጠቡ ሳይሆን ማድረቁ ነው።

ገና የተወለደ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይቀየራል። ካካ ያለበት መጀመሪያ ሽንት ቤት ይራገፍና በቀዝቃዛ ውሃ ይለቀለቃል፣ ከመጀመሪያው ሙቅ ከገባ እድፉ እዛው ይቀራል። ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፎ ሁለት ሦስት ቀን መተው ጥሩ አይደለም፣ ሽንት ውስጥ ያለውን ዩሪያ ባክቴሪያ ወደ አሞኒያ ይቀይረዋል፣ ያ አይን የሚያቃጥል ሽታ እሱ ነው። ከዛ በሙቅ ውሃና በልኩ በሆነ ኦሞ ይታሻል፣ አረፋው እስኪጠፋ ይለቀለቃል፣ የቀረ ሳሙና የልጅ መቀመጫ ያቀላል። ከቆርቆሮ ጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ለዚህ በጣም ጥሩ ነው፣ በትንሽ ሳሙና ብዙ አረፋ ያወጣል። ሶፍትነር አይነካውም፣ ጨርቁን ይሸፍነውና ሽንት አይመጥም፣ ቫዝሊንም እንደዛው። በረኪና ደግሞ ሽንት ባለበት ጨርቅ ላይ በፍጹም አታፍሱ፣ ከአሞኒያው ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። የታጠበበትን ውሃም ሽንት ቤት ድፉት፣ ቦይ ውስጥ ከተደፋ መጨረሻው አዌቱ ወንዝ ነው።

ወደ ማድረቁ ስንመጣ፣ ጅማ ዝናቡ በክረምት ብቻ አያበቃም፣ ከበልግ ጀምሮ እስከ መስከረም ይሄዳል፣ በአመት 1500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይዘንባል። ፀሐይ ስትወጣ ሁሉም ይሰጣል፣ ፀሐይ እድፉን ታነጣለች ጀርምም ትገድላለች፣ ግን ስትሰጡ ገመዱን ከፍ አድርጉት! እኔ አንድ ሐምሌ ላይ ገመዱ ረግቦ ዶፍ ዝናብ ወረደ፣ ቀዩ አፈር እየፈነጠቀ ታችኛውን ጫፍ ሁሉ ሸክላ አስመሰለው፣ ስድስቱ ነጠላዎች እስከ መጨረሻው እንደቀሉ ቀሩ። ዝናብ ሲበዛ በረንዳ ላይ አንድ በአንድ ተዘርግቶ ነው የሚሰቀለው፣ ሁለቱን ደርቦ መስቀል ዋጋ የለውም። ከሰል ላይ የሚያደርቁ አሉ፣ ቤት ዘግቶ ከሰል ማንደድ ግን ሰው ይገድላል፣ ጨርቁም ጭስ ጭስ ይሸታል።

ካውያ መተኮስ ለማማር ብቻ አይምሰላችሁ። በሞቃታማው አፍሪካ እርጥብ ልብስ ላይ እንቁላል የምትጥል ዝንብ አለች፣ ትሏ ቆዳ ውስጥ ገብቶ እንደ እባጭ ያብጣል፣ እንቁላሉን የሚገድለው የካውያው ሙቀት ነው። ውሃ የማያሳልፈው ልባስ ግን ይቀልጣል፣ እሱ አይተኮስም።

ከማጠፋችሁ በፊት ጠርዙን ጉንጫችሁ ላይ አድርጉት። እጅ ደረቅ ነው ያለውን ጉንጭ ይለየዋል፣ ከቀዘቀዛችሁ ገና ነው፣ ወደ ገመዱ ይመለስ።