የክስተት ማስታወሻ ምንድን ነው?

አለቃ ሲሳደብ፣ ሲጎነትል ወይም የትርፍ ሰዓት ክፍያ ሲያስቀር ብዙ ሰው መጀመሪያ ችሎ ያልፋል። ሲብስበት ጠበቃ ወይም ሠራተኛ ማኅበር ዘንድ ይሄዳል። እዚያ የሚጠብቀው ጥያቄ "መቼ? የት? ማን ነበር?" የሚል ነው። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ "ሁሌም እንደዚህ ነው" ይሆናል። ውሸት አይደለም፤ ግን በ"ሁሌም" አቤቱታ አይጻፍም።

የክስተት ማስታወሻ ማለት የደረሰብዎትን በዚያው ቀን የሚያሰፍሩበት የግል መዝገብ ነው። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የተባለው ቃል፣ የነበሩ ሰዎች፤ በቃ። "ዛሬም አዋረደኝ" ለሌላ ሰው ምንም አይነግርም። "ጥቅምት 12 ቀን 2017፣ ጠዋት 4 ሰዓት፣ ስብሰባ ላይ 'ደንቆሮ' አለኝ፤ የሒሳብ ክፍሏ ልጅ ሰምታለች" ግን ይነግራል። ስድብ መጻፍ ስለሚያሳፍረን "የማይባል ነገር ተናገረኝ" ብለን እናልፋለን። የሚፈለገው ግን ያ የማይባለው ነው።

ሌላም ጣጣ አለብን። ኢሜይሉ በፈረንጆች ቀን ነው፣ ደብዳቤው በእኛ፤ "3 ሰዓት" ደግሞ ጠዋትም ከሰዓትም ሊሆን ይችላል። አንዱን አቆጣጠር ይምረጡና የመጀመሪያው ገጽ ላይ ይጻፉት።

ቀኑ ለምን ይህን ያህል ይከብዳል? በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ፣ ሊከፈል ይገባ ከነበረበት ቀን አንስቶ በ6 ወር በይርጋ ይታገዳል፤ ማለትም ጊዜው ስላለፈ ክስ ሊቀርብበት አይችልም። በአሠሪው ወይም በሥራ መሪው ወሲባዊ ትንኮሳ ምክንያት ያለማስጠንቀቂያ ሥራ የመልቀቅ መብት ደግሞ ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ከቆመ 15 የሥራ ቀናት ካለፉ ይቀራል። እንደ እኔ በጣም አጭር ነው፤ ሰው ገና ለእህቱ እንኳ ሳይናገር ያልቃል። (የመንግሥት ሠራተኛ የሚተዳደረው በሌላ ሕግ ነው።)

ማስታወሻውን የቢሮ ኮምፒውተር ላይ አያስቀምጡ፤ ድንገት ቢባረሩ እዚያው ይቀራል። ቴሌግራም ላይ የጻፈልዎት ሰው መልእክቱን ከእርስዎም ስልክ ማጥፋት ይችላል። ስለዚህ ስሙና ቀኑ እንዲታይ አድርገው ወዲያው ስክሪን ሾት ያንሱ። የሚያምዎትን ነገር ደጋግሞ መጻፍ ከከበደዎት ሁለት መስመር ይበቃል።

ማስታወሻው ብቻውን ክርክር ላያሸንፍ ይችላል። ዋናው ሥራው ምስክሩን፣ ደብዳቤውንና የደመወዝ ወረቀቱን ከየትኛው ቀን ላይ መፈለግ እንዳለበት ማሳየት ነው። የሚረዳዎት ሰውም ከዚያ ይነሳል፦ ጠበቃ፣ ሠራተኛ ማኅበር፣ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ (የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ መከበሩን የሚከታተል የመንግሥት ባለሙያ)፣ ወይም ለሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር። ሲሄዱ ዋናውን ይዘው ያሳዩ፤ የሚተዉላቸው ግን ኮፒውን ይሁን።