ትሬድዌር ምንድን ነው? ያገለገለ ስፖርት መኪና ገዝታችሁ ጎማና የፍሬን ሸራ ልትቀይሩ ስትሉ

ጎማ ቤት ስትገቡ ሻጩ መጀመሪያ የሚላችሁ "ይሄኛው ብዙ ይቆይልሃል" ነው፣ ማስረጃው ደግሞ ጎማው ጎን ላይ ትሬድዌር ከሚለው ጽሁፍ አጠገብ ያለው ቁጥር ነው፣ 300፣ 500፣ 800 ምናምን። አብዛኛው ሰው ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ጎማው የተሻለ ይመስለዋል። ለኡበር የሚሰራ ካምሪ ከሆነ እሺ፣ አልከራከርም። ግን ያገለገለች ማዝዳ ሚያታ ወይ ሙስታንግ ገዝታችሁ ከሆነ ያ ቁጥር ሌላ ነገር ነው የሚነግራችሁ።

ትሬድዌር የሚለካው የጎማው ጥርስ ቶሎ ያልቃል ወይስ ይቆያል የሚለውን ብቻ ነው። አያያዙን አይለካም፣ ጥራቱንም አይለካም። ደረጃውን ያወጣው የአሜሪካ መንግስት ነው፣ ፈተናው ቴክሳስ ውስጥ ሳን አንጀሎ አካባቢ 400 ማይል በሆነ ዙር ላይ ይደረጋል፣ መኪኖቹ ተከታትለው እየዞሩ 7,200 ማይል ይነዳሉ፣ ከነሱ ጋር ማነጻጸሪያ ጎማ የገጠመ መኪናም አብሮ ይሄዳል። መነሻው 100 ነው፣ ስለዚህ 200 የተባለው በዛ መንገድ ላይ የመነሻውን እጥፍ ይቆያል ማለት ነው። በወረቀት ደረጃ። ምክንያቱም ጎማው እስኪያልቅ ማንም አይነዳውም፣ በ7,200 ማይል ምን ያህል ተበላ የሚለው ይለካና ቀሪው በስሌት ይወጣል፣ የመጨረሻውን ቁጥር የሚያትመው ደግሞ መንግስት ሳይሆን ፋብሪካው ራሱ ነው። ስለዚህ የአንዱን ፋብሪካ 400 ከሌላው ፋብሪካ 500 ጋር አስቀምጦ መጨቃጨቅ ብዙ አያዋጣም፣ በአንድ ፋብሪካ ጎማዎች መሀል ሲሆን ግን ቁጥሩ የሆነ ነገር ይናገራል።

ከጎኑ ያሉት ፊደሎችም አሉ፣ ትራክሽን የሚለው (ከኤኤ እስከ ሲ) እርጥብ መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ ሲቆም ያለውን መያዝ ነው፣ ኩርባ ላይ ምን ይሆናል የሚለውን አይመልስም። ቴምፕሬቸር ደግሞ ሙቀት መቻሉን ነው፣ ኤ ከሆነ በቃ።

ወደ ዋናው ነገር ስንመጣ፣ ለስላሳ ላስቲክ የአስፋልቱ ሻካራ ውስጥ ገብቶ ስለሚይዝ ቶሎ ይበላል፣ ጠንካራው ብዙ ይቆያል ግን ፍሬን ስትይዙም ኩርባ ስትገቡም ቶሎ ይለቃችኋል። ፋብሪካዎቹ ሁለቱን ለማስታረቅ ብዙ ደክመዋል፣ ግን ሁለቱንም በነጻ የሰጠ የለም። ለምሳሌ ሚሸሊን ፓይለት ስፖርት 4ኤስ ላይ የተጻፈው 300 ነው፣ ያው ሚሸሊን ለቤተሰብ መኪና የሚሰራው ዲፌንደር ከ800 በላይ ነው። ብሪጅስቶን ፖቴንዛ አርኢ 71አርኤስ ደግሞ 200። ይቺ 200 የምትባለው ቁጥር ትንሽ ታስቃለች፣ አሜሪካ ውስጥ ኦቶክሮስ የሚባለው የአማተር ውድድር (ሰፊ ፓርኪንግ ላይ ኮን ደርድረው ሰዓት የሚይዙበት) የስትሪት ምድቡ ከ200 በታች የሆነ ጎማ አይቀበልም፣ እና ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ልክ 200 ተብለው የታተሙ ግን እንደ ውድድር ጎማ የሚጣበቁ ጎማዎች ገበያውን ሞሉት። ቁጥሩን የሚያትመው ፋብሪካው ነው ብያችሁ የለ።

እና የቱን እንግዛ ላላችሁ፣ መጀመሪያ በአመት ስንት ማይል እንደምትነዱት አስቡ። ስፖርት መኪና ለብዙዎቻችን ሁለተኛ መኪና ነው፣ ቅዳሜና እሁድ ጸሀይ ሲወጣ የሚነዳ። በአመት 3,000 ማይል ብትነዱት 25,000 ማይል የሚቆይ ጎማ ከ8 አመት በላይ ሊሄድ ነው፣ ግን ላስቲክ ቁጭ ባለበትም ይደርቃል፣ ብዙ የመኪና ፋብሪካዎች ከ6 አመት በኋላ ቀይሩት ይላሉ፣ የጎማ ፋብሪካዎቹም 10 አመትን ጣሪያ ያደርጉታል። ማለትም ጥርሱ ሳያልቅ በእድሜ ነው የሚሞተው፣ ታዲያ 800 ገዝታችሁ፣ ለማትጠቀሙበት እድሜ ብላችሁ በደንብ የማይዝ ጎማ ለምን ትነዳላችሁ? ለኔ ከ200 እስከ 400 ያለው ነው ቦታው፣ ዝናብም ላይ ስለምትነዱ ደግሞ ወደ 300ው ብትጠጉ ይሻላል። በየቀኑ ስራ የምትሄዱበት ከሆነ ግን ሂሳቡ ሌላ ነው፣ ያኔ ጥሩ ኦል ሲዝን (ለአመቱ ሁሉ የሚሆን ጎማ) ግዙ። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያላችሁ ደግሞ ሰመር ጎማ (ለሙቀት ወቅት የተሰራው) ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እየደረቀ መያዙን እንደሚያጣ አትርሱ፣ የህዳር ጠዋት ላይ ኩርባ ስትገቡ ታውቁታላችሁ።

ያገለገለ መኪና ስትገዙ ደግሞ የሚያታልለው ጥርሱ ነው። ትንሽ የተነዳ መኪና ጥርሱ አዲስ ይመስላል፣ ግን ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው የሚጀምረውን ረጅም ኮድ ፈልጉና የመጨረሻዎቹን አራት ቁጥሮች እዩ፣ 2315 ካለ በ2015 በ23ኛው ሳምንት የተሰራ ነው። ሙሉ ኮዱ በአንድ ጎን ብቻ ሊሆን ስለሚችል ከውጭ ካላገኛችሁት ወደ ውስጥ ዞሮ ነው፣ ስልካችሁን ከስር አስገብታችሁ ፎቶ አንሱት። በጥርሶቹ መሀል ጥቃቅን ስንጥቅ ካለ በቃ ዋጋ አስቀንሱበት። አራቱም አንድ አይነት መሆናቸውንም እዩ፣ የቀድሞው ባለቤት ፊት ጥሩ ጎማ ኋላ ርካሽ ጎማ ገጥሞ ከሆነ የኋላ እግር የሚገፋት መኪና ዝናብ ላይ ጅራቷ ቀድሟችሁ ይመጣል። ሳይዙን ደግሞ በሩ ጋ ካለው ስቲከር ላይ እዩ እንጂ ከተገጠመው ጎማ አትቅዱ፣ ባለቤቱ ቸርኬውን ቀይሮት ሊሆን ይችላል።

የፍሬን ሸራም ላይ ተመሳሳይ ወጥመድ አለ፣ እዛም ኮድ አለ፣ እዛም ሰው ትልቁን ይመርጣል። ሸራው ጠርዝ ላይ ሁለት ፊደል ታገኛላችሁ፣ ለምሳሌ ኤፍ ኤፍ ወይ ጂ ጂ፣ የመጀመሪያው ለብ ሲል፣ ሁለተኛው ሲግል ያለው የመፋተግ መጠን ነው። ኢ ከ0.25 እስከ 0.35፣ ኤፍ እስከ 0.45፣ ጂ እስከ 0.55። ግን ጂ ስለሆነ ብቻ የተሻለ ነው ማለት አይደለም፣ ፍሬኑ መጠኑን ሳትቆጣጠሩት ቶሎ ጨምድዶ የሚይዝ ሊሆን ይችላል፣ ዲስኩን ቶሎ ይበላ ይሆናል፣ አቧራና ጩኸትም አለ። ከሁሉ የከፋው የውድድር ሸራ ገጥሞ መንገድ ላይ መውጣት ነው፣ እሱ ካልጋለ በደንብ አይዝም፣ ሰፈር ውስጥ የመጀመሪያው ስቶፕ ላይ ስትረግጡት ደግሞ ምንም አልጋለም። አንድ ቶን እንደነገሩ ለምትመዝን ሚያታ ጥሩ የስትሪት ሸራ ከበቂ በላይ ነው።

አባይ በረሃን ቁልቁል የወረደ ሹፌር እንደሚያውቀው ፍሬን እየረገጡ ሲቆዩ ፔዳሉ ስፖንጅ ሆኖ ወደ ታች ይገባል፣ ያኔ ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ሸራው ሳይሆን የፍሬን ዘይቱ ነው። ዘይቱ ከአየር ውሃ ይመጥጣል፣ ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፣ ውሃ ሲገባበት መስፈርቱ ወደ 155 ይወርዳል። ባለፈው ባለቤት ጊዜ መቼ እንደተቀየረ ካላወቃችሁ ሸራው ላይ ብዙ ብር ከማፍሰሳችሁ በፊት እሱን ቀይሩት።

ጎማውንና ሸራውን በአንድ ቀን ባትገጥሙ ጥሩ ነው። አዲስ ሸራ ዲስኩ ላይ እንዲቀመጥ በሰዓት ከ60 ማይል ወደ 10 ገደማ እየደጋገሙ ጠንከር አድርጎ መያዝ ይፈልጋል፣ ሙሉ በሙሉ ሳትቆሙ፣ አዲስ ጎማ ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጣ ላዩ የሚያዳልጥ ነገር ስላለው ጥቂት መቶ ማይል በዝግታ መነዳት አለበት። አሮጌው ሸራ ገና ውፍረት ካለው ጎማውን አስቀድሙ፣ ሸራውን ከሁለት ሶስት ሳምንት በኋላ።