ታይ-ዳውን ምንድን ነው? የቆመ አውሮፕላንስ ለምን ይታሰራል?

ታይ-ዳውን ማለት የቆመን ትንሽ አውሮፕላን በገመድ ወይም በሰንሰለት ከመሬት ጋር ማሰር ነው። ብዙውን ጊዜ የሚታሰረው ሦስት ቦታ ላይ ነው፦ በሁለቱ ክንፎች ስር እና በጅራቱ።

ቆሞ ያለ ነገር ምን ይሆናል ብሎ ማሰር ያስፈልጋል? ክንፍ አየር ካለፈበት ማንሳቱን አይተውም። አየሩን ሞተር አመጣው ነፋስ፣ ለእሱ ያው ነው። አራት ሰው የምትይዘው ሴስና 172 ባዶዋን 750 ኪሎ ገደማ ብትመዝን ነው። ለመነሳት በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይበቃታል። አውሎ ነፋስ ሃሪኬን የሚባለው ደግሞ ፍጥነቱ በሰዓት 119 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ነው። ሒሳቡን እናንተው ሥሩት። በዚያ ላይ የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል።

አስተሳሰሩ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ገመዱ ናይለን ወይም ፖሊስተር ቢሆን ይመረጣል። ከዕፅዋት ጭረት የተገመደው ውሃ ሲነካው ያጥራል፣ ቶሎም ይበሰብሳል። ገመዱ ግትር ብሎ ከተወጠረ አውሮፕላኑን ይጎዳል። በጣም ከላላ ደግሞ ነፋሱ አውሮፕላኑን እያነሳ ያላጋዋል፤ ገመድ የሚበጠሰው ያኔ ነው። 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ላላ ማለቱ ይበቃል። ጎማው ፊትና ኋላ ታኮ ይደረግለታል፣ አፍንጫው ወደ ነፋሱ ይዞራል።

በክንፉና በጅራቱ ላይ ያሉት ተንቀሳቃሽ መሪዎችም ይቆለፋሉ፤ አለበለዚያ ነፋሱ ሲያንገጫግጫቸው ማጠፊያቸው ይሰበራል። ታዲያ ከበረራ በፊት መፍታት ግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 የቦይንግ ሞዴል 299 የሙከራ አውሮፕላን ቁልፉ ሳይፈታ ተነስቶ ተከስክሷል። አብራሪዎች ዛሬ በየበረራው የሚያነቡት የጽሑፍ ቼክሊስት የተለመደው ከዚያ አደጋ ወዲህ ነው።

ይሄ ሁሉ ለተራ ማዕበል ጥሩ ነው። ለሃሪኬን ግን ገመድ ላይ ባትተማመኑ ይሻላል። የሃሪኬኑ ዓይን፣ ማለትም ጸጥ ያለው መሃሉ፣ በላያችሁ ካለፈ ነፋሱ አቅጣጫውን ይገለብጣል፤ ፊቱን ወደ ነፋስ ያቆማችሁት አውሮፕላን ጀርባውን ሰጥቶ ያገኘዋል። ከሌላ ቦታ ተነቅሎ የሚበር ቆርቆሮ አለ፣ ባሕር ዳር ከሆነ ብረት የሚበላ ጨዋማ ጎርፍ አለ። ሃንጋር፣ ማለትም የአውሮፕላን መጠለያ ቤት፣ ማስገባትስ? ጠንካራ ከሆነ ጥሩ ነው። ደካማ ከሆነ ግን በሩ ቀድሞ ይሄዳል፣ ከዚያ ነፋሱ ገብቶ ጣሪያውን ያነሳዋል። እ.ኤ.አ. በ1992 ሃሪኬን አንድሩ ፍሎሪዳ ውስጥ ታሚያሚ አውሮፕላን ማረፊያን ሲመታ ሃንጋር ውስጥ የነበሩትም አልተረፉም።

ስለዚህ ዋናው መፍትሔ ቀደም ብሎ አብርሮ ከመንገዱ ማሸሽ ነው። ሃሪኬን ከቀናት በፊት ይታወቃል፤ ጊዜ አለ። ማሸሽ ካልተቻለ የነዳጅ ታንኩን መሙላት ክብደት ይጨምራል፤ ክንፉ ላይ በርዝመቱ ጣውላ ማሰርም የማንሳት ኃይሉን ይቀንሳል። አንዳንድ ኢንሹራንሶች የማሸሻውን ወጪ በከፊል ይሸፍናሉ። የአትላንቲክ የሃሪኬን ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ስለሆነ ውሉን ከዚያ በፊት ማንበብ ነው።