አርክቴክቶች በጋራ የሚነድፉባቸው ዲጂታል መሣሪያዎች

እነዚህ መሣሪያዎች አንድን ሕንፃ የሚያስቡ በርካታ ባለሙያዎች ሐሳባቸውን በአንድ ገበታ ላይ እንዲያኖሩ የሚያግዙ ሶፍትዌሮችና ስክሪኖች ናቸው። የዘርፉ ሥር ሁለት ቦታ ይገኛል። ኢቫን ሰዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1963 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ለዶክትሬት ጥናቱ የሠራው ስኬችፓድ የተባለ ፕሮግራም በብርሃን ብዕር ስክሪን ላይ መሳል እንደሚቻል አሳየ፤ ተጠቃሚው ግን አንድ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 ደግሞ የኮምፒውተር ተመራማሪው ዳግላስ ኤንግልባርት ሳንፍራንሲስኮ መድረክ ላይ ሆኖ፣ በሌላ ከተማ፣ ሜንሎ ፓርክ፣ ከነበረ ባልደረባው ጋር በአንድ ስክሪን ሲሠራ ታየ።

ዛሬ በስፋት የሚሠራበት የሕንፃ መረጃ ሞዴል፣ በአሕጽሮት ቢም፣ ነው። በቢም ግድግዳ ውፍረቱንና የሚሠራበትን ቁስ ይዞ ይቀመጣል። ባለሙያዎቹ ከማዕከላዊው ፋይል በተወሰደ የየራሳቸው ቅጂ ላይ ይሠራሉ፤ አንዱ የያዘውን ክፍል እስኪለቅ ሌላው አይነካውም። ሶፍትዌራቸው ቢለያይም አይኤፍሲ በተባለው ቅርጸት ሞዴሉን ይለዋወጣሉ። የውኃ ቱቦ ተሸካሚ ምሰሶን አቋርጦ ቢያልፍ ስህተቱ ግንባታው ሳይጀመር ይታያል። ይህ ትልቅ ውለታ ነው።

ፈተናው ያለው ከዚህ ቀደም ብሎ፣ ሕንፃው ገና ሐሳብ በሆነበት ሰዓት ነው። በእርሳስ የተጫረ ወፍራም መስመር ግድግዳም፣ መተላለፊያም፣ የጥላ ጠርዝም ሊሆን ይችላል፤ አርክቴክቱ መልሶ ሲያየው ያላሰበውን ያገኝበታል። የባለሙያዎችን አሠራር ያጠናው ዶናልድ ሾን እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ሂደት ነዳፊው ከሥራው ጋር የሚያደርገው ንግግር አድርጎ ገልጾታል። ግድግዳው ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሆነ ቀድሞ የሚጠይቅ ሶፍትዌር ንግግሩን ያቋርጠዋል።

ስለዚህ መሣሪያውን የሚሠሩ ሰዎች መጀመሪያ የአርክቴክቶች ስቱዲዮ ገብተው ሊመለከቱ ይገባል። ብርሃን አሳላፊ ስስ ወረቀት በንድፍ ላይ ሲደረብ የትናንቱ ሐሳብ ከሥር እየታየ የዛሬው ይሳላል። «ይህ ወደዚያ ይግባ» የሚለው ቃልም ያለ ጣት ትርጉም የለውም፤ ተመራማሪው ጆን ታንግ እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው ጥናት በጋራ ሥዕል ላይ የእጅ ምልክት ምን ያህል ሥራ እንደሚሠራ አሳይቷል። ርቀው የሚሠሩትን የሚያገናኝ ስክሪን እጅን ካላሳየ ከውይይቱ ብዙ ይጎድላል።

ከሁሉም በላይ ችላ የተባለው ግን ለብቻ የመሞከር ነፃነት ነው። እያንዳንዱ ጭረት ወዲያው ለሁሉም ከታየ፣ ወጣቷ አርክቴክት ደፋር ሐሳቧን ሳትሞክረው ትተዋለች። ጥሩ መሣሪያ የግል ገጽ ይሰጣታል፤ ወደ ጋራው ገበታ መቼ እንደምታወጣው ራሷ ትወስናለች። ባልደረቦቿ ሐሳቡን ቢተዉት እንኳ ንድፉ ከነቀኑና ከነምክንያቱ ተቀምጦ ሲፈለግ ይገኛል።