በሐዋሳ ሐይቅ ለመዝናናት ዓሣ ማጥመድ፦ ፈቃዱና ደንቡ

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ዘንግ ይዞ የሚቆም ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ሕጉ መጀመሪያ የሚመለከተው ዓሣው ከውሃ ከወጣ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ነው፤ መንጠቆውና ዘንጉ ከዚያ ቀጥለው ይመጣሉ። ያው መንጠቆና ያው ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) ለቤት ምሳ ሲውል አንድ ነገር፣ ወደ ገበያ ሲወጣ ሌላ ነገር ይሆናል። አብዛኛው አለመግባባት የሚነሣውም ይህን ድንበር ሳያውቁ ከመሻገር ነው።

ሐይቁ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ ጥልቅ በሆነበት 22 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ዋናው ገባር ጥቁር ውሃ ከጨለለቃ ረግረግ ተነሥቶ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ይገባል። በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ ግን የለውም። በውስጡ የሚኖሩት የዓሣ ዝርያዎች ስድስት ብቻ ሲሆኑ፣ ለማዕድ የሚፈለጉት ቆሮሶ፣ አምባዛና ቢልጫ ናቸው። ሌሎቹ ሦስቱ ደቃቃ ስለሆኑ ገበያ አያውቃቸውም። ከሌላ ውሃ መጥቶ የሚተካ ዓሣ ስለሌለ፣ ደንቡ ጥብቅ ሲመስል ምክንያቱ ይኸው የሐይቁ ዝግነት ነው።

ሕጉ

በአገር ደረጃ መሠረቱ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ነው። ለንግድ የሚያጠምድና ዓሣ የሚያረባ ሁሉ ፈቃድ እንዲያወጣ የሚያዘው ይህ አዋጅ ነው። በፈንጂና በመርዝ ማጥመድን ይከለክላል፤ ሕያው ዓሣን ከአንድ ውሃ ወደ ሌላ ማዛወርንም ያለ ፈቃድ አይፈቅድም። ተቆጣጣሪዎች መሣሪያና የተያዘ ዓሣ እንዲፈትሹ ሥልጣን የሚሰጠውም እሱ ነው።

አፈጻጸሙ ግን በክልል እጅ ነው። በ1987 በወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 5 መሠረት የተፈጥሮ ሀብት አጠቃቀም ሕግ የሚያወጣው የፌዴራሉ መንግሥት ሲሆን፣ በአንቀጽ 52 ንዑስ አንቀጽ 2 (መ) መሠረት ያንን ሕግ ተከትሎ የሚያስተዳድረው ክልሉ ነው። ሐዋሳ ላይ ይህ ከወረቀት ያለፈ ትርጉም አለው። ከተማዋ ለረጅም ዓመታት የደቡብ ክልል መቀመጫ ነበረች። ኅዳር 10 ቀን 2012 ከተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ በኋላ ሲዳማ በዚያው ዓመት ሰኔ ራሱን የቻለ ክልል ሆነ። ከዚያ በፊት በደቡብ ክልል ማህተም የተጻፈ የቆየ የፈቃድ ደብዳቤ ይዞ መምጣት ዛሬ ዋጋ የለውም።

ሁለተኛው ነገር ሐይቁ ራሱ በሁለት ክልሎች መካከል መሆኑ ነው። የከተማው ዳርቻ በሲዳማ ሲሆን፣ በምዕራብና በሰሜን በኩል የኦሮሚያው የምዕራብ አርሲ ዞን ይዋሰነዋል። ፍቅር ሐይቅ ከሚባለው የከተማው ዳርቻ ጀልባ ተከራይቶ ወደ ማዶ የሚቀዝፍ አጥማጅ መስመሩን ሳያየው ይሻገራል፤ ውሃ ላይ አጥር የለም። ስለዚህ ወደ ማዶ ለመሄድ ያሰበ ሰው አስቀድሞ በዚያም በኩል ያለውን የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ይጠይቅ። ከሐዋሳ የተሰጠ ደብዳቤ ማዶ ላይ እንደሚያገለግል አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነው።

ማመልከቻው

ለአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላም ቢሆን ትክክለኛው መንገድ ዓሣን ወደሚመራው የግብርና መዋቅር ሄዶ በጽሑፍ ማመልከትና በጽሑፍ መልስ መቀበል ነው። ማመልከቻው አንድ ገጽ ይበቃዋል፤ የማይጎድሉ ነገሮች ግን አሉት። የአመልካቹ ሙሉ ስም ከመታወቂያ ቁጥር ጋር፣ ለውጭ ዜጋ የፓስፖርት ቁጥር፣ አብረው የሚያጠምዱ ሰዎች ብዛት፣ የዘንጎች ብዛት፣ ቀኑ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ቦታው በስም፣ ጀልባ ካለ የማን እንደሆነ፣ በመጨረሻም የሚያዘው ዓሣ እንደማይሸጥ የሚገልጽ አንድ ዐረፍተ ነገር። የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ከሁሉ በላይ ትጠቅማለች፤ አመልካቹን ከንግድ አጥማጁ የምትለየው እሷ ናት።

አርብ ቀን የምሳ ሰዓት ስለሚረዝም ለቅዳሜ ያሰበ ሰው ሐሙስ ቢሄድ ይሻለዋል። ማንኛውም ክፍያ ከተጠየቀ ማህተም ያለበት ደረሰኝ ይወሰዳል፤ ደረሰኝ የሌለው ክፍያ ነገ ለሚመጣው ተቆጣጣሪ ማስረጃ አይሆንም። ማህበር፣ ትምህርት ቤት ወይም መሥሪያ ቤት የማጥመድ ውድድር ሲያዘጋጅ ደብዳቤው በድርጅቱ ራስጌ ወረቀት ተጽፎ ከሳምንታት በፊት ቢገባ ይመረጣል፤ ብዙ ሰው በአንድ ዳርቻ ሲሰበሰብ ጸጥታውም የራሱ ጉዳይ ይሆናል።

ሰዎች ፈቃድ አድርገው የሚቆጥሯቸው፣ ግን ፈቃድ ያልሆኑ ወረቀቶች አሉ። በሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ የአሞራ ገደል፣ የመግቢያ ትኬት ወደ ግቢው ያስገባል እንጂ መንጠቆ አያስጥልም። የጀልባ ኪራይ ደረሰኝም ለጀልባው ብቻ ነው። የሆቴል እንግዳ መሆን በሆቴሉ ዳርቻ ለመቀመጥ ያስችል ይሆናል፤ ውሃው ግን የሆቴሉ አይደለም። ከሁሉ የከፋው የቃል ፈቃድ ነው። «ግድ የለም፣ አጥምድ» ያለው ጥበቃ ተረኛነቱ ሲያበቃ ቃሉም አብሮት ይሄዳል፤ የሚተካው ሰው የሚያየው ዘንግ የያዘ እንግዳ ብቻ ነው።

የተያዘውን ዓሣ በተመለከተ ቤት ወስዶ መብላት ወይም ወደ ውሃ መመለስ የመዝናኛው ክልል ነው። ዳርቻው ላይ ካሉት ምግብ ቤቶች ለአንዱ አስረክቦ በምትኩ ምሳ መብላት ግን፣ ብር ባይቆጠርበትም፣ የንግድ መልክ ይይዛል። የራስን ዓሣ አስጠብሶ የማብሰያውን መክፈል ሌላ ነገር ነው።

የእርባታ ወራትና የቆሮሶ አፍ

በሐዋሳ ሐይቅ ቆሮሶ ዓመቱን ሙሉ ቢራባም የሚበረታባቸው ሁለት ወቅቶች አሉ። አንዱ ከጥር እስከ መጋቢት፣ ሌላው ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው። በእነዚህ ወራት ወንዱ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ አሸዋውን ቆፍሮ እንደ ሰሐን የጎደጎደ ጎጆ ይሠራል። ሴቷ እንቁላሏን ጥላ ወዲያው በአፏ ትሰበስባለች፤ እስኪፈለፈልና ጫጩቶቹ መዋኘት እስኪችሉ ድረስም በአፏ ይዛ ትዞራለች።

ከዳርቻ የሚወረወር መንጠቆ የሚያርፈው በትክክል ጎጆዎቹ ባሉበት ነው። መንጋጋዋ ሥር ያበጠች ቆሮሶ ወደ ላይ ስትሳብ አፏን ትከፍትና እንደ ማሽላ ፍሬ ያለ ቢጫ እንቁላል መዳፍ ላይ ትረጫለች። በዚያች ቅጽበት የጠፋው አንድ ዓሣ ብቻ አይደለም፤ ከአፏ የወጣው እንቁላል ተመልሶ አይገባም። ስለዚህ በእነዚህ ወራት ከሸምበቆው ዳር ርቆ ወደ ጠለቀው ውሃ መወርወር፣ ያበጠ ጉሮሮ ከታየም ዓሣዋን ከውሃ ሳያወጡ መንጠቆውን በፒንሳ ማላቀቅ ይገባል። ከአንድ ስንዝር የማይበልጥ ቆሮሶም ሳይውል ሳያድር መለቀቅ አለበት።

የመጀመሪያው የእርባታ ወቅት ከዓቢይ ጾም ጋር ይገጣጠማል። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እንዳለ ሆኖ፣ ገበያው ላይ ፈላጊው የሚበዛው በእነዚሁ ሳምንታት ነው። መረቡም መንጠቆውም በአንድ ጊዜ ሐይቁ ላይ ይበረታል። ለመዝናናት የወጣ ሰው ከሌላው ይልቅ መተው የሚችለው እሱ ነው፤ ዓሣውን ባያገኝ ቤቱ አይራብም።

መሣሪያና የውሃ ላይ ሥነ ሥርዓት

ለቆሮሶ አፉ ትንሽ ስለሆነ ቁጥር 8 ወይም 10 መንጠቆ፣ ከ0.20 እስከ 0.25 ሚሊ ሜትር ክር፣ ትንሽ ቡሽና ቀለል ያለ እርሳስ ይበቃል። ሊጥ፣ የዳቦ ልብ ወይም የአፈር ትል ይበላል። አምባዛ ከታች ስለሚመገብና ኃይለኛ ስለሆነ ከ0.35 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ክርና ትልቅ መንጠቆ ይፈልጋል፤ የዓሣ ሆድ ዕቃ ይማርከዋል። ለቆሮሶ ትልቅ መንጠቆ ከተጠቀሙ ዓሣው አፉ ተቀድዶ ያመልጣል፤ ያመለጠውም በቁስል ይሞታል።

የንግድ አጥማጆቹ መረባቸውን ከሰዓት በኋላ ጥለው ንጋት ላይ ያነሣሉ። የመረቡ ምልክት ብዙ ጊዜ የፕላስቲክ ጠርሙስ ወይም የፎም ቁራጭ ነው። ሁለት ተንሳፋፊ በአንድ መስመር ከታየ መካከላቸው መረብ አለ ማለት ነው። መንጠቆ ከተያዘበት የራስን ክር ቆርጦ መተው እንጂ መረቡን መቁረጥ አይገባም፤ አንድ የተቀደደ መረብ የአንድ ቤተሰብ የሳምንት እንጀራ ነው።

ከመሣሪያዎች ሁሉ ፈጽሞ የማይነካው የዕፅ መርዝ ነው። በአገራችን በየወንዙ የተለመደው የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲጨመር ዓሣውን አደንዝዞ ያንሳፍፋል፤ ትልቁን ከትንሹ አይለይም። ጥንታዊ መሆኑ ከክልከላው አያወጣውም። አምባዛ አየር መተንፈስ ስለሚችል በእርጥብ ጆንያ ለሰዓታት በሕይወት ይቆያል፤ በዚህ ምክንያት ወደ ቤት ኩሬ ወይም ወደ ሌላ ሐይቅ መውሰድ ይቀላል፤ የሚያስቀጣውም ይኸው ነው።

ስለ ጤና ሁለት ነገር። ጥልቀት በሌለው ውሃ ባዶ እግር መግባት ለቢልሃርዚያ ያጋልጣል፤ የጎማ ቦቲ ይደረጋል። ተመራማሪዎች በትልልቅ ቢልጫዎች ሥጋ ውስጥ ከቆሮሶ ይልቅ ከፍ ያለ ሜርኩሪ ስላገኙ ትልቅ ቢልጫ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃናት ባይቀርብ ይመረጣል። በማለዳና በምሽት ሸምበቆው ዳር ጉማሬ ይኖራል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ማዕበሉ ስለሚበረታ በትንሽ ጀልባ ሐይቁ መሃል ላይ መቆየት አደገኛ ነው፤ የሕይወት አድን ጃኬት ያልያዘ ጀልባ አይከራዩትም።

ትራውት የተባለውን የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ የሚፈልግ ሰው ሐዋሳ ላይ አያገኝም። ከኬንያ መጥቶ በ1960ዎቹና 70ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተለቀቀው ትራውት ያለው በባሌ ተራሮች ቀዝቃዛ ወንዞች፣ እንደ ዌብና ዳንካ ባሉት ነው። በፓርክ ክልል ውስጥ ደግሞ ጥያቄው ለፓርኩ አስተዳደር ይቀርባል፤ የሐይቅ ደብዳቤ እዚያ አይሠራም።

ቀኑ ሲያልቅ የዓሣው ሆድ ዕቃ ተመልሶ ወደ ውሃው አይጣልም። አሞራ ገደል ላይ የሚጠብቁት አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ያነሡታል፤ ነገር ግን ውስጡ መንጠቆ አለመቅረቱ በጣት ይረጋገጣል፤ የዋጠ ወፍ በዚያ ይሞታል። የተቆራረጠ የናይለን ክር በሸምበቆ ላይ ተጠልፎ ከቀረ የወፎችን እግር ያስራል። ቁራጩ ሁሉ ተጠቅልሎ በኪስ ይመለሳል።